ሊፍት የተደረገ ፒክአፕ መሪው ሲንቀጠቀጥ፦ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ፒክአፑ ከፍ ብሏል፤ ትልልቅ ጎማም ገብቶለታል። ቁመናው ያምራል። ችግሩ የሚመጣው 70 ወይም 80 ላይ ስትነዱ ነው። የፊት ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መጋጠሚያ ይመታል፤ ወዲያው መሪው ግራ ቀኝ መናጥ ይጀምራል። በራሱ አይቆምም። ፍጥነት በደንብ እስክትቀንሱ ድረስ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው፤ አዲስ ስቲሪንግ ዳምፐር ይገዛል። ዳምፐር የመሪውን ዘንግ ምት የሚያለዝብ ትንሽ አሞርዛተር ነው። አዲስ ሲገጠም መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይጠፋል። የላላው ነገር ግን አሁንም እንደላላ ነው፤ ከታች እየባሰበት ይሄዳል። ጤነኛ የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) ዳምፐሩ ተፈትቶም ቢሆን እንዲህ መናጥ የለበትም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የላላውን ቦታ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በእጃችሁ ዳስሳችሁ አግኙት። አብዛኛው ፍተሻ ከአንድ ረዳት፣ ከጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ከሜትር፣ ከክሪክና ከጠንካራ መደገፊያ ሌላ ምንም አይፈልግም።

መንገድ ላይ ከጀመረ

መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፤ ግን አትታገሉት። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሡ። ፍሬን በድንገት አትርገጡ፤ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ሲጫን መንቀጥቀጡ ሊብስ ይችላል። ቀስ እያላችሁ ፍጥነት ቀንሱና ዳር ያዙ። አንድ ጊዜ በኃይል የናጠ መኪና ቡሎን ሊያላላ፣ ቴስቲና (በመሪ ዘንጎች ጫፍ ያለውን ተሽከርካሪ መጋጠሚያ) ሊጎዳ ይችላል። በሚቀጥለው ቀን ደህና ስለሄደ ብቻ ወደ ፈጣን መንገድ አትመልሱት። መጀመሪያ ፈትሹት።

መንቀጥቀጡን ለዩት

ከመኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጻፉ። በስንት ፍጥነት ይጀምራል? የሚቀሰቅሰው ጉድጓድ ነው፣ ፍሬን ነው ወይስ ነዳጅ? የሚሰማችሁ እጃችሁ ላይ ነው፣ ወንበሩ ላይ ወይስ ወለሉ ላይ? መልሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል።

ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ውስጥ ጀምሮ፣ ከዚያ ስታልፉ የሚቀንስ፣ ጉድጓድ ሳይነካ የሚመጣ ቀጭን ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከጎማ ባላንስ ነው። እጃችሁ ላይ ከተሰማ የፊት ጎማ፣ ወንበሩ ላይ ከተሰማ የኋላ ጎማ ይጠረጠራል። በዝግታ፣ በ20 ወይም በ30 ስትሄዱ አፍንጫው ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ውስጡ የተበጠሰ ጎማ አስቡ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የፍሬን ዲስኩን እዩ። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ወለሉ ላይ የሚሰማ ከሆነ ነገሩ የመሪ አይደለም፤ ሊፍቱ ያጣመመው የትራንስሚሽን ዘንግ ወይም የጎማ አክስል አንግል ነው።

ጉድጓድ ሲነካ በኃይል የሚነሣውና ፍጥነት ካልቀነሰ የማይቆመው ግን ሌላ ነው። እሱ ግራና ቀኝ ጎማ በአንድ ድፍን አክስል በተያያዙባቸው መኪኖች ላይ ይበዛል። ላንድክሩዘር 79፣ የቀድሞው ኒሳን ፓትሮል (እስከ ዋይ 61 ያለው)፣ ባለ 4 በ 4 ፎርድ ኤፍ 250፣ ራም 2500 እና ጂፕ ግላዲያተር ከዚህ ወገን ናቸው። የቅርብ ትውልድ ሃይሉክስ፣ ሬንጀር፣ ዲማክስና ናቫራ ግን የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ ሌላ አካሄድ አላቸው፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ደረጃ 1፦ ጎማና ቸርኬ

ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ። ርካሽ ነው፤ ፈጣንም ነው።

መጀመሪያ የቸርኬውን ውስጥ ገጽ እዩ። ጭቃ ውስጥ የዋለ መኪና ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ ያ ብቻውን ባላንሱን ያበላሻል። እጠቡትና ሞክሩት። የወደቀ የባላንስ እርሳስ ካለም ቦታው ላይ ንጹሕ ምልክት ትቶ ይሄዳል።

የጎማውን ንፋስ በሁለቱም ወገን አስተካክሉ። ከዚያ የጎማውን ጥርስ በመዳፋችሁ ዙሪያውን ዳብሱት። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል አበላል ካለ ጎማው መሬት ላይ እየዘለለ ሲሄድ ነበር ማለት ነው። ወይ አሞርዛተሩ ደክሟል፣ ወይ አንድ መጋጠሚያ ላልቷል። እንዲህ የተበላ ጎማ፣ ጥፋቱ ከተስተካከለ በኋላም ራሱ መንቀጥቀጥ መፍጠሩን ይቀጥላል። ይህን ሳያውቁ «ሁሉን ቀየርኩ፣ አልተሻለም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

አሁን የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሡ፤ መደገፊያም ከሥሩ አድርጉ። ቋሚ ነገር ጎማው አጠገብ አቁሙና ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ። በጎማው ጠርዝና ባቆማችሁት ነገር መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ቸርኬው ወይም ጎማው ጠማማ ነው። ጎኑ ላይ እብጠት ያለበትን ጎማ ደግሞ አውጥታችሁ ጣሉት፤ ውስጡ ተበጥሷል።

የፊትና የኋላ ጎማ መጠናቸው አንድ ከሆነ ከሁሉ ቀላሉ ፈተና ማቀያየር ነው። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አድርጉ። ንዝረቱ ከእጃችሁ ወደ ወንበሩ ከሄደ ጥፋተኛው ጎማው ነው፤ ወደ ጎሚስታ ውሰዱት።

ስለ ቸርኬው አንድ ነገር ልጨምር። ሊፍት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ወይም ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ወፍራም ብረት) አብሮ ይገጠማል። ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ በራቀ ቁጥር፣ እያንዳንዷ ጉድጓድ መሪውን ለመጠምዘዝ የበለጠ ጉልበት ታገኛለች። በስታንዳርዱ ጎማ ላይ የማይሰማ ትንሽ ልቅነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ስፔሰሩ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት መሃለኛ ብረት) ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ደግሞ ጎማው ከመሃሉ ወጥቶ ይዞራል። ዳዶዎቹን በአምራቹ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ልክ፣ በማዕዘን እያቀያየራችሁ አጥብቁ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ እንደገና አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው መሪውን ማወዛወዝ

ከመመሪያው አንድ ክፍል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ መኪናው ተነሥቶ ጎማው በእጅ ይነቀነቅና «ደህና ነው» ይባላል። ጎማው አየር ላይ ሲሆን ግን መጋጠሚያዎቹ ጭነት የለባቸውም። የላላ ነገር የሚታየው ክብደት ሲያርፍበት ነው።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ለኋላ ጎማዎች ታኮ አድርጉ። ፓወር ስቲሪንጉ እንዲሠራ ሞተሩ ይነሣ። ረዳታችሁ መሪውን በአጭሩና በፍጥነት ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። ጎማው ሊዞር ሲል ይመልሰው፤ ሙሉ መጠምዘዝ አያስፈልግም። እናንተ በዚህ ጊዜ በጎን በኩል ሥሩ ሆናችሁ ከመሪው ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ። መጋጠሚያ ሊቆነጥጥ በሚችልበት ቦታ ጣት አታስገቡ።

መጀመሪያ ከመሪው የሚወርደውን ዘንግና መስቀሎቹን (የዘንጉን ተጣጣፊ መጋጠሚያዎች) እዩ። ከዚያ የመሪውን ማርሽ ሳጥን። ከሳጥኑ የሚወጣውን ክንድ፤ እሱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ረዥም ዘንግ (ድራግ ሊንክ)፤ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘውን ታይሮድ፤ በየጫፋቸው ያሉትን ቴስቲናዎች። በእያንዳንዱ ቴስቲና ላይ መዳፋችሁን ግማሹ አንዱን ክፍል፣ ግማሹ ሌላውን ክፍል እንዲነካ አድርጋችሁ አሳርፉ። ዓይን የማያየውን እጅ ይሰማዋል። «ጠቅ» የምትል ትንሽ ምት ካለች ያ ቴስቲና አልቋል።

ታይሮዱ በራሱ ዙሪያ ትንሽ መሽከርከሩ ግን ጉድለት አይደለም፤ ቴስቲናው የተሠራው እንዲዞር ነው። የማይፈቀደው ወደ ላይና ወደ ታች መንቀጭቀጭ፣ ወይም አንዱ ክፍል ሲሄድ ሌላው ዘግይቶ መከተሉ ነው። ጎሚኒው (የላስቲክ ሽፋኑ) ስለተቀደደ ብቻም ቴስቲናውን አትፍረዱበት፤ ግን አሸዋ ስለሚገባው ዕድሜው አጭር ነው።

ደረጃ 3፦ ትራክ ባር

ረዳታችሁ መሪውን እያወዛወዘ እያለ ወደ ትራክ ባሩ ሂዱ። በኮይል ስፕሪንግ ሞላ ላይ የቆመ ድፍን አክስል ካላችሁ፣ ይህ ባር አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው ጫፉ አክስሉ ላይ ታስሮ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ከባድ የመሪ ናጥ ሲያጋጥም እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ልቅነቱ በጣም ትንሽ ቢሆን እንኳ አክስሉ በሙሉ ግራ ቀኝ የመሄድ ነጻነት ያገኛል።

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በጫፎቹ ያሉት ቦኮላዎች (ቡሎኑ የሚያልፍባቸው ላስቲክ ያላቸው ቀለበቶች)። ላስቲኩ ትንሽ መለጠጡ ያለ ነው፤ ብረቱ ከመሃል ወጥቶ ግድግዳውን እስኪነካ ከተንቀሳቀሰ አልቋል። ሁለተኛ፣ ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ። እዚህ ላይ ባትሪውን ጠጋ አድርጉት። በቡሎኑ ራስ ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ደቃቅ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ፣ ቡሎኑ እዚያ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከርሟል። ፍቱትና ቀዳዳውን እዩት። ክብ የነበረው እንቁላል ቅርጽ ይዞ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሻንሲው መያዣ ራሱ። ብየዳው ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በተለይ ሊፍቱ ዝቅ የሚያደርግ ተጨማሪ መያዣ ይዞ ከመጣ።

እንቁላል የሆነን ቀዳዳ ቡሎን በማጥበቅ ማዳን አይቻልም። ለጥቂት ቀን ይይዝና ይለቃል። መያዣውን መቀየር ወይም ትክክለኛ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት በጥሩ በያጅ ማስበየድ ያስፈልጋል። ቡሎኑም ቀዳዳውን በልኩ የሚሞላና አምራቹ ያዘዘው ጥንካሬ ያለው ይሁን።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ላስቲክ ቦኮላ ያላቸውን ቡሎኖች መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ሊፍት ኪት የሚገጥሙ ሰዎች መኪናውን አንሥተው ስለሚሠሩ ይህ ስሕተት በጣም ይበዛል።

አሁን ከመኪናው ፊት ተንበርክካችሁ እዩ። ትራክ ባሩና ድራግ ሊንኩ ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው መታየት አለባቸው። ሊፍቱ አንዱን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ከተወው፣ አክስሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር መሪው ሳትነኩት ይዞራል። ይህ ራሱ ጉድጓድ ላይ መንቀጥቀጥ ያስነሣል። መኪናው ከፍ ሲል የትራክ ባሩ አንግል ይበልጥ ቁልቁል ስለሚሆን አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ከሻንሲው ግራና ቀኝ እስከ ጎማው ያለውን ርቀት በሜትር አወዳድሩ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ርዝመቱ የሚስተካከል ትራክ ባር ያስፈልጋችኋል።

የፊት እግሩ በባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ የብረት ሞላ) ላይ ከሆነ ትራክ ባር ላይኖር ይችላል። በዚያ ጊዜ የባሌስትራውን ቦኮላዎች፣ የኋላ ማንጠልጠያዎቹን፣ አክስሉን የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖችና መሃለኛውን ቡሎን ፈትሹ። አዲስ የተገጠመ ባሌስትራ ስለሚረግብ የዩ ቡሎኖቹ ይላላሉ፤ ደጋግሞ ማጥበቅ ግድ ነው።

ደረጃ 4፦ ኩሽኔታ፣ ባልጆይንትና የመሪ ፒን

የፊቱን አንሡና በመደገፊያ አቁሙ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ውዝዋዜ ካለ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ውዝዋዜው ከጠፋ የሞዞው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ባልጆይንቱ (ጎማው የሚዞርበት የኳስ መጋጠሚያ) ወይም የመሪው ፒን ነው። ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ድገሙት፤ እዚህ ላይ ብቻ ውዝዋዜ ካለ ወደ ቴስቲናዎቹ ተመለሱ። የባልጆይንቱን ልቅነት ለማየት ደግሞ ረዥም ብረት ከጎማው ሥር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡት።

ላንድክሩዘርና ፓትሮል ያላችሁ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በእነዚህ መኪኖች ድፍን አክስል ላይ ጎማው የሚዞረው በክብ ብረት ቤት ውስጥ ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። በቀጫጭን ሽሞች (የልክ ማስተካከያ ስስ ብረቶች) ተጨምቀው መቀመጥ አለባቸው። ጭመቃው ሲጠፋ በእጅ ስትነቀንቁት ምንም ልቅነት ላይታይ ይችላል፤ መንገድ ላይ ግን ይናጣል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ታይሮዱንና ድራግ ሊንኩን ፍቱ፣ የጎማውን መያዣ በመንጠቆ ሚዛን ሳቡት። ለመዞር የሚፈልገው ኃይል በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ተጽፏል። በጣት ግፊት ብቻ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ኩሽኔታዎቹን ቀይራችሁ በሽም አስተካክሉ።

ደረጃ 5፦ የመሪው ማርሽ ሳጥን

እንደገና ረዳታችሁ መሪውን ያወዛውዝ። ሳጥኑ በሻንሲው ላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ከተንቀሳቀሰ ቡሎኖቹን እዩ፣ ከዚያ በዙሪያቸው የሻንሲውን ብረት ለስንጥቅ ፈትሹ። ትልቅ ጎማ ይህን ቦታ በጣም ይጎዳዋል። የላይኛው ዘንግ ሲዞር የታችኛው ክንድ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ልቅነቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ ማስተካከያ ቡሎን አለ፤ ብዙ ሰው ያንን አጥብቆ ይገላገላል። ከልኩ ካለፈ ግን መሪው ወደ መሃል መመለስ ያቆማል፤ ማርሹም ይበላል። ይህን ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ደረጃ 6፦ አንግሎቹ

ልቅነት ካልተገኘ፣ ወይም ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላ ነው አላይመንት (የጎማ አንግሎችን ማስተካከል) የሚመጣው። ላላ ያለ እግርን አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

ዋናው ካስተር ነው። ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከላይ በኩል ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ መሪውን ስትለቁት በራሱ ወደ መሃል የሚመልሰው ያ ዝንባሌ ነው። መኪናው ከፍ ሲል አክስሉን የያዙት ብራቾዎች (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙ ክንዶች) አንግላቸው ስለሚቀየር አክስሉ ወደ ፊት ይሽከረከራል፤ ካስተሩም ይቀንሳል። እንደ መኪናው ቢለያይም፣ ለየ25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ካስተር ያነሰው መኪና መንገድ ላይ ይባዝናል፤ ለመንቀጥቀጥም የተጋለጠ ነው። መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ ቦኮላዎች፣ ረዘም ያሉ ብራቾዎች ወይም በባሌስትራ መኪና ላይ ሽብልቅ ነው። ግን ከልክ በላይ መጨመርም አይጠቅምም። ካስተር ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ የጎማው መራገብም ሊብስ ይችላል።

ቶ የሚባለውን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞሩበትን ልክ፣ ቤት ውስጥ መለካት ትችላላችሁ። መሪውን ቀጥ አድርጉ። የሁለቱም የፊት ጎማዎች ጥርስ መሃል ላይ፣ ከፊት በኩል በሞዞው ቁመት፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ርቀታቸውን ለኩ። ከዚያ ምልክቶቹ በዚያው ቁመት ከኋላ በኩል እስኪመጡ መኪናውን ወደ ፊት ግፉና እንደገና ለኩ። ለአብዛኛው ድፍን አክስል የፊቱ ልኬት ከኋላው በ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆን ደህና ነው። የፊቱ ከበለጠ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ተከፍተዋል።

ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ

ሃይሉክስና መሰሎቹ ላይ በጉድጓድ የሚነሣ ከባድ ናጥ ብዙም አይታይም። እዚህ የሚመጣው ንዝረትና መባዘን ነው። ከጎማ ቀጥላችሁ የላይኛውን ባልጆይንት እዩ፤ ሊፍቱ ከአንግሉ ዳር አድርሶት ይሆናል። የታችኛው ብራቾ ቦኮላዎችን በረዥም ብረት ነቅንቁ። የመሪው ዘንጎች ከፊት ሲታዩ በጣም ወደ ታች ካዘቀዘቁ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ቶ ይቀያየራል። ነዳጅ ስትሰጡ የሚነዝር ከሆነ የጎማ አክስሎቹን አንግል ተመልከቱ፤ ዲፈረንሻሉን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ወይም የሊፍቱን ከፍታ መቀነስ ይረዳል። ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ የተደረገ ከሆነ ለሊፍት የተሠራ የላይኛው ብራቾ ሳይኖር አላይመንቱን ወደ ልኩ ማምጣት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

ዳምፐሩና የመጨረሻው ሙከራ

ዳምፐሩን አሁን ፍቱትና በእጅ ግፉት፣ ሳቡት። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መክበድ አለበት። ዘይት ካፈሰሰ ወይም መሃል ላይ ባዶ ቦታ ካለው ቀይሩት። ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ጥሩ ዳምፐር ለትልቅ ጎማ ይጠቅማል።

ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ንዱ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደፈወሰው አታውቁም። ጭር ባለ መንገድ በ40 ጀምሩ፤ መሪው ወደ መሃል ይመለሳል ወይ ብላችሁ እዩ። ቀጥሎ 60፣ ከዚያ 80። ያስነሣው የነበረው ፍጥነት ላይ ስትደርሱ ትንሽ ሸካራ መንገድ ላይ ሞክሩት። ከመንዳታችሁ በፊት በነካችሁት ቡሎንና በሻንሲው ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ሥሩ ገብታችሁ እዩ። መስመሩ ከተሰበረ ያ ቡሎን ተንቀሳቅሷል፤ እንደገና በቶርክ ልኩ አጥብቁትና ቀዳዳውን መልሳችሁ ፈትሹ።